በእንግሊዝኛ ፖለቲካ አይደለም

የጋሽ ደምሴን ሞት ከሰው አልሰማሁም፤ በር ላይ ነው ያነበብኩት። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሀበሻ ሱቆች የአንዱ መስታወት ላይ፣ በሚከራይ ክፍልና በሞግዚት ማስታወቂያ መካከል፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ግማሽ ገጽ ወረቀት ተለጥፏል። «አቶ ደምሴ ባደረባቸው ህመም ምክንያት በሚኖሩበት ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ይወቅልን።» አለቀ። የሐዘንተኞች ስም ሊሰፍር በሚገባበት ቦታ ምንም የለም። በሐመሩ «ሐ» መጻፍ የነበረበት «ሕመም» በሃሌታው «ሀ» ተጽፏል። እጄ ሳላዝዘው ወደ ደረት ኪሴ ሄደ፣ ቀይ እርሳስ ፍለጋ።

ቀይ እርሳስ ያስለመደኝ እሱ ነው። ሽንኩርት ልገዛ የመጣሁት ሰውዬ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። የሚገባው ሰው ይገፋኛል፣ የሚወጣውም ይገፋኛል፣ ወረቀቱን ግን ማንም ቀና ብሎ አያየውም። የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ የሞተበት ቀን በዚህ ሰው እጅ ጽሑፍ ታውጆለት ነበር። የራሱ ቀን ሲደርስ የሚጽፍለት ጠፋ።

የተዋወቅነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። ያኔ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባል ስም አልወጣም፤ ፌርፋክስ ፌርፋክስ ብቻ ነበር፣ የእኛ ሰው ምግብ ቤትም በጣት የሚቆጠር። እኔ ፒኮ ጎዳና ላይ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጽፍ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ ፊደል እቆርጣለሁ፣ ብሩሽ አጥባለሁ። አለቃችን ሽማግሌ አሜሪካዊ ነው፤ ከኋላ ክፍል ተቀምጦ ሬዲዮውን ያዳምጣል። ቀለሙን የሚቀባው ጋሽ ደምሴ ነበር። አጭር ነው፤ ከሽርጡ ሥር ከረባት ያስራል፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቀይ እርሳሱን ጆሮው ላይ ይሰካል። «እዚህ ፓርክ ማድረግ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ እንኳ ሲጽፍ ለንጉሥ የሚጻፍ ደብዳቤ ነበር የሚመስለው።

አዲስ አበባ ሳለ የሳንሱር ሠራተኛ ነበር። ለሁለት መንግሥት ሠርቷል። ጋዜጣው፣ ቲያትሩ፣ ዘፈኑ በእሱ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል፤ ደህና ከሆነ ጥጉ ላይ «ይለፍ» ይልበታል፣ ካልሆነ ቀዩ እርሳስ ይወርድበታል። አገሩን ጥሎ ቢወጣም ልማዱ አልጣለውም። ሎስ አንጀለስ ገብቶም ያገኘውን ሁሉ ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። የአውቶቡስ ትኬት አንብቦ «ይለፍ» ይላል። የእኔን የፍቅር ያልሆነ የፍቅር ደብዳቤ፣ እናቴ ሀገር ቤት ላጨችልኝ ልጅ የጻፍኩትን ማለቴ ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አግኝቶ አንብቦ «አይለፍ፤ የጻፈው ሰው ውስጡ የለበትም» ብሎ መለሰልኝ። ተናደድኩ። እውነቱን ስለነበር ነው የተናደድኩት።

አንድ ጊዜ የምግብ ቤት ባለቤት የምግብ ዝርዝር ልታስጽፍ መጣች። «ልዩ ክትፎ፣ ልዩ ጥብስ፣ ልዩ ሽሮ» ይላል ወረቀቷ። ጋሽ ደምሴ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

«ሁሉም ልዩ ከሆነ ተራው የቱ ነው?»

«ጋሼ፣ ቢዝነስ ነው እኮ! ሶ ምን ልበል ታዲያ?»

ሁለቱን «ልዩ» ሰረዘና «ሽሮው ይለፍ» አላት። ሰሌዳው እንደዚያው ተሰቀለ፤ ሽሮዋም ስሟ ወጣ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ቤት መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የእሱ ነበር። የኢሚግሬሽን ደብዳቤ የሚያስነብበው፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሁሉ ወንበር ስቦ ይጠጋል። ሰው ሲሞት ደግሞ በየበሩ የሚለጠፈውን የሐዘን ማስታወቂያ በብሩሽ የሚጽፈው እሱ ነው። የአማርኛ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ያ ፊደል የሟቹ የመጨረሻ ልብሱ ነበር። ከዚያች ጠረጴዛ ሌላ ሰው አልነበረውም። ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር በአንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል፤ ስልክ ሲደወልለት ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ድሮ ሥራው ሲጠየቅ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይዘጋዋል። የተናገሩት ይበላሻል፣ ዝም ያሉት ተቀምጦ ይቆያል ማለቱ ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ አብረን በፒኮ አውቶቡስ ስንሄድ፣ ሳልጠይቀው አወራኝ። በዚያ ክፉ ጊዜ አንዲት እናት ጋዜጣ ላይ የምታወጣው ጽሑፍ ይዛ መጣች አለኝ። ልጇ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ሲያፈላልጉላት ለነበሩት ጎረቤቶች ምስጋና ልታወጣ ነው። «‹ከቤት እንደወጣ ያልተመለሰው› የሚለውን ሰረዝኩት» አለኝ። «ስሙና ምስጋናው ብቻ ቀረ። ሰው ሲያነብ ልጁ የተሾመ ነው የሚመስለው።» ከዚያ በመስኮት አሻግሮ ሲያይ ቆየና ከመውረጃችን አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወረደ።

ዮናስን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፤ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይዘፍናል። የታመመ ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ እንግዳ ከኤርፖርት የሚቀበል እሱ ነበር። ማርክ ከሚባል ረጅም፣ ዓይነ አፋር አሜሪካዊ ጋር ለዓመታት በአንድ ቤት ኖረዋል። ሰው «ማነው?» ሲል «አከራዩ ነው» ይባላል። ሁላችንም ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ሁላችንም «አከራዩ» እንላለን። ዮናስ ታመመ፣ ከሳ፤ ያኔ ወንዶቹን ልጆች ይጨርስ የነበረው በሽታ ነው። የሚጎበኘው ሰው ሳሳ። ያስታመመውም፣ ዓይኑን የከደነውም ማርክ ነው።

በማግስቱ ታላቅ እህቱ እትዬ አልማዝ ጥቁር ነጠላዋን ደርባ ሱቃችን መጣች።

«ምን ብዬ ልጻፍ አልማዝ?» አላት ጋሽ ደምሴ።

«ባደረበት የልብ ሕመም በል ጋሼ።»

«የልጁ ልብ እንኳ ደህና ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ስሙን ልጥራው? እናቴ ሀገር ቤት አለች። ነገ መርዶ ይነገራታል። ልጅሽን ምን ገደለብሽ ሲሏት ምን ትበል?»

ጻፈ። ከሐዘንተኞቹ ስም ሲደርስ ብሩሹን አቆመ። «ማርክስ?»

«ማርክ ምን?»

«ከቤተሰቡ ጋር ይግባ ወይ?»

«አከራይ በሐዘን ማስታወቂያ ላይ ይገባል እንዴ? እባክህ ጋሼ።»

እባክህ ያለችው ልመና ነበር፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ጋሽ ደምሴ «ወዳጅ ዘመድ» ብሎ ጽፎ ጨረሰ። ፊደሉ ከጻፋቸው ሁሉ ያማረ ነበር። እኔ ብሩሹን ይዤ «ይለፍ» እስኪል ጠበቅኩ። ጠቅልሎ ሰጣትና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ለቅሶው ከፒኮ ገባ ብሎ ባለው የእትዬ አልማዝ አፓርታማ ውስጥ ነበር። ወንበሩ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል፤ የሚመጣው ሰው በተራ እየጨበጠ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ የተቀመጡት «አሜን» ይላሉ። ማርክ ጥቁር ሱፍ ለብሶ መጣ። የሚቀመጥበት ወንበር የለም፤ ማንም ተነሥ አልተባለም። የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። አንዱ አስተናጋጅ መስሎት ባዶ ኩባያውን ሰጠው። እሱም ተቀበለ። ከዚያ ሁለተኛው ሰጠው፣ ሦስተኛው። ጨብጦት «እግዜር ያጥናህ» ያለው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም የፕላስቲክ ኩባያዬን ነው የሰጠሁት። «ታንክ ዩ» አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ማርክ ሱቃችን መጣ። ከምግብ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያውን ነቅሎ በፕላስቲክ አሽጎታል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ጋሽ ደምሴን በእንግሊዝኛ ጠየቀው። «አንተ እንደጻፍከው ነገሩኝ። በጣም ያምራል። የዮናስ ስም የቱ ነው?»

ጋሽ ደምሴ አሳየው።

«የእኔስ?»

እኔ ፊደል መቁረጤን አቆምኩ። የጋሽ ደምሴ ጣት ወረቀቱ ላይ ወረደ፣ ዞረ፣ «ወዳጅ ዘመድ» ላይ አረፈ። «ይኸው» አለው።

ማርክ ቃሉን በጣቱ ዳበሰው። «ይረዝማል። የእኔ ስም አጭር አይደለም እንዴ?»

«በአማርኛ ይረዝማል።»

ማርክ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ወጣ። ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ለዚያ ፈገግታ ዛሬም መድኃኒት አላገኘሁለትም። «ጋሼ፣ ምነው?» አልኩት። «ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ድምፁ ግን የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም። ያን ቀን አንድ ሰሌዳ ሦስት ጊዜ አበላሽቶ ደገመ።

የፕራይድ ሰልፍ የሚወጣው በፈረንጆቹ በጋ መግቢያ፣ በሰኔ ነው፤ ወንድ የሚወዱ ወንዶችና ሴት የሚወዱ ሴቶች አደባባይ የሚወጡበት ቀን። በዚያ ዓመት ከትልቁ ሌላ አንድ የሰፈር ኮሚቴ የራሱን አነስ ያለ በዓል ያዘጋጅ ነበር። ማርክ እዚያ ባነር ሊይዝ አስቦ ጽሑፉን ለኮሚቴው አስገብቶ ኖሯል። ሰልፉ ሳምንት ሲቀረው ሱቃችን መጣና መልሱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ጓደኞቻችን እየሞቱ ነው። መንግሥት ሆይ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይላል ጽሑፉ። ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተሰርዟል። አብሮት ደብዳቤ አለ፦ በዓሉ የደስታ ቀን ስለሆነ፣ ፈቃድ የሰጠንን ከተማና የረዱንን ድርጅቶች እንዳናስቀይም ፖለቲካ ነክ ጽሑፍ አናስገባም፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።

«በራሳችን በዓል!» አለ ማርክ። ሲጮህ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ዝም በሉ ሲሉን ኖረን አይደለም ወይ በዓሉን የጀመርነው? አሁን የራሳችን ሰዎች ናቸው ዝም በል የሚሉኝ።»

ጋሽ ደምሴ መነጽሩን አድርጎ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይኼን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ በአማርኛ፣ ለእኔ። «‹ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።› እኔም መጨረሻው ላይ እንዲህ እል ነበር። ትሕትናው እንኳ ያው ነው!» ቀዩን መስመር በጣቱ ተከተለው። «ይቺ እጅ ደግሞ ሥራውን አትወደውም። አየህ፣ መሃል ላይ ተንቀጥቅጣለች።»

ማርክ ከኪሱ ሌላ ወረቀት አወጣ። «ኦኬ፣ ቃል ከከለከሉኝ ስም አይከለክሉኝም። የእሱንና የእኔን ስም ብቻ በእናንተ ፊደል ጻፍልኝ። የእኔን ከማስታወቂያው ላይ ገልብጬ አመጣሁልህ።» በስስ ወረቀት ላይ፣ በሚንቀጠቀጥ የልጅ በሚመስል ጽሑፍ፣ «ወዳጅ ዘመድ» ይላል።

ጋሽ ደምሴ ተቀመጠ። ሲሠራ ተቀምጦ አያውቅም።

«ይኼ ስምህ አይደለም» አለው።

«ምን ማለት ነው?»

«ወዳጅ ዘመድ። ለሁሉም የሚጻፍ ነው። አንተ እዚያ ውስጥ የለህም።»

«አንተ ነህ ያሳየኸኝ።»

«ዋሸሁህ።»

ማርክ ስስ ወረቀቱን አጣጠፈው። «ማነው ያወጣኝ? አልማዝ ናት?»

አልማዝ ናት ቢለው ውሸት አይሆንም ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያወጣሁህም እኔ ነኝ» አለው።

ማርክ ወጣ። በመስኮት አየዋለሁ፤ ፌርማታው ላይ ቆመ። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፣ ሄደ። ጋሽ ደምሴ ቀና ብሎ አላየም፤ ቀዩን እርሳስ በሁለት እጁ ይዞ ያገላብጣል። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ማርክ ገባ። «እንግዲያው አሁን አስገባኝ» አለ።

ነጩን ጨርቅ ወለሉ ላይ ዘረጋነው። ጋሽ ደምሴ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ቆሞ ሲያስብ ቆየ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰሙን እያበላሸሁ ወርቅ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የት እንደሚደበቅ አላጣውም» አለ። ከዚያ ተንበርክኮ ክንድ በሚያካክል ፊደል ጻፈው፦

«ማርክ ሆይ፣ በዮናስ ሞት እግዜር ያጥናህ።»

ከታች በትንሹ «ደምሴ» ብሎ ፈረመ።

«ሳንሱር ሲያሳልፍ ይፈርማል» አለ። ማርክ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቀው ነገረው። ሰው ሲሞትብህ የምንልህ ነው አለው፤ ለቅሶው ላይ ሁሉም ተባብለውታል፣ ለአንተ ብቻ አልተባለም። «አሁን ይህን ማንበብ የሚችል ሁሉ፣ ባነበበ ቁጥር ይልሃል። ወደደም ጠላም። ያነበበ ሁሉ ብሎሃል።»

«መንግሥትስ?» አለ ማርክ።

«ለመንግሥት የሚናገር ሌላ ይኖራል። እኔ የማውቀው የእኔን ሰዎች ነው።»

በማግስቱ ሦስታችን ወደ ኮሚቴው ሄድን። አንድ ባዶ ሱቅ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ያን ዓመት የሚያልፈውን ሁሉ ያያሉ። የተቀመጠችው ወጣት ሴት ናት፤ የደከማት፣ ደግ ፊት ያላት። ከአጠገቧ ማኅተምና ቀይ ብዕር አለ። ጋሽ ደምሴ ብዕሩን አየ፣ ከዚያ እጇን አየ። ባነሩን ዘረጋን።

«ምን ቋንቋ ነው?»

«አማርኛ» አላት ጋሽ ደምሴ።

«ምን ይላል?»

«ሰው ለሞተበት ሰው የሚባል ነው።»

ማርክን አየችው። የሰረዘችውን ወረቀት ያስታወሰች ይመስለኛል፤ ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው። ፖለቲካ አለበት?»

ጋሽ ደምሴ እውነት ለመናገር የወሰነ ሰው ሆኖ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ አሰበበት።

«በእንግሊዝኛ የለበትም» አላት።

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ማኅተሙን አነሳችና መታችው። ውጭ ስንወጣ ጋሽ ደምሴ ማኅተሙን እያየ ቆመ። «በሕይወቴ የእኔ ጽሑፍ ሲያልፍ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ትንሽ ሄደና ዞረ። «እኔ ብሆን አላሳልፈውም ነበር።»

ባነሩ ሁለት እንጨት አለው። አንዱን ማርክ ይይዛል፤ ለሌላው ቃል የገባለት ጓደኛው ሐሙስ ሐኪም ቤት ገባ። ጋሽ ደምሴ እኔን አየኝ። «ክንድህ ጠንካራ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔም እንደ ዮናስ ነኝ። ያኔ ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔም ለራሴ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ማርክ ወጥ ቤት በር ላይ ኩባያ ሲሰበስብ ያየሁት የራሴን ቀን ነው። ስለዚህ «ጋሼ፣ እሁድ ራሴን ያመኛል» አልኩ። ገና ዓርብ ነው እንግዲህ! እሁድ የሚያምህን ዓርብ አታውቀውም። ቀዩን እርሳስ ሊያወጣው ይችል ነበር። «ይሁን፣ አንተ እረፍ» ብቻ አለኝ።

እሁድ ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ። ሄጄ ከሰዉ ኋላ ከአንድ ዛፍ ተጠግቼ ቆምኩ። ሙዚቃው፣ ፊኛው፣ የሚጨፍረው አለፈ። ከዚያ መጡ። ማርክ በአንድ በኩል፣ በሌላው በኩል ጋሽ ደምሴ፣ ለቅዳሴ የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ፣ ከረባቱን አጥብቆ፣ እንጨቱን እንደ መስቀል በሁለት እጁ ይዞ። ባነሩ በእሱ በኩል ዝቅ ይላል፤ ማርክ እንዲስተካከል ብሎ ጎንበስ ይላል። የቆመው ሕዝብ ያጨበጭባል፣ ምን እንደሚል ግን አንዱም አያውቅም።

ጥጉ ላይ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ሁለት የእኛ ልጆች ቀይ ሰደርያቸውን ለብሰው ወጥተው ያያሉ። አንዱ እጁን ዘርግቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፣ በአገር ፊደል መገረሙ ነው። «እንዴ፣ አማርኛ ነው! ማርክ ሆይ፣ በዮናስ ሞት እግዜር ያጥናህ...» መጨረሻው ላይ ድምፁ ወደቀ። ዮናስን ያውቀዋል፤ አብረው ሠርተዋል። ማርክ ዞረ። ጋሽ ደምሴ አስተምሮት ኖሮ፣ ጎንበስ ብሎ «አሜን» አለ። ልጁ ቆቡን አወለቀ። ጓደኛው ክንዱን ይዞ ጎተተው፤ ገቡ።

እኔ ከዛፉ ኋላ በሆዴ አነበብኩት። በሆድ ማንበብ ይቆጠር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወሬው እኛ ፒኮ ሳንደርስ ፌርፋክስ ደረሰ። በእሱ ላይ ማንም አልጮኸበትም፤ እኛ ስንቀጣ አንጮህም። በሚቀጥለው እሁድ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ አልመጣም። የሞተም ሰው እንዳልጠፋ አውቃለሁ፤ በየበሩ በሌላ እጅ፣ በተንጋደደ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ይለጠፍ ጀመር። ጋሽ ደምሴ ፊቱ ቆሞ ያነባል፣ እርሳሱን ይነካል፣ ሳያወጣ ይሄዳል። አንድ ቀን እትዬ አልማዝ ሱቃችን በር ላይ ቆመች።

«የሞተውን ወንድሜን ሁለተኛ ገደልክብኝ» አለችው።

ተነሥቶ ቆመ። እሷ ስታለቅስ እሱም ቆሞ አለቀሰ። ማንኛቸውም ተሳስተው አልነበረም፤ እኔ ይህን ስል ሰው ይቆጣኛል፣ ግን ያየሁት ይህንኑ ነው። ከሄደች በኋላ ብሩሹን አነሳ። «ዝም አይነቅዝም ስል ኖርኩ» አለኝ። «ውሸት ነው። ይነቅዛል። እኔ ጎተራው ውስጥ ስለነበርኩ ነው ያላየሁት።»

ማርክ ሁለት ዓመት አልቆየም፤ እሱንም ያው በሽታ ወሰደው። ከሐዘንተኞቹ ወንበር በአንዱ ጋሽ ደምሴ ተቀምጦ እንደነበር ከሰው ሰማሁ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስቴት ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። የሄደ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ቀዩን እርሳስና የድሮውን ደብዳቤዬን አገኘሁ፣ ለዚያች ለታጨችልኝ ልጅ ጽፌ እሱ «አይለፍ» ያለውን። ጥሎት መስሎኝ ነበር። ጀርባው ላይ «የራስህን ስትጽፍ፣ ሳላነበው ይለፍ» ብሏል። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዓርብ ዕለት ራሴን ለእሁድ ያመመኝ ጊዜም ያውቅ ነበር። አንድ ደብዳቤ ልጽፍለት ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ «ይድረስ ለጋሽ ደምሴ» ከሚለው አላልፍም። እንዲህ እያልኩ እኔም ሸበትኩ፤ የምገባበት ቤት ዛሬም አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው።

ወረቀቱ ፊት ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እርሳሱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጉርድ ሆኗል። «ህመም»ን አረምኩት። ከዚያ ሐዘንተኞች ሊሰፍሩ በሚገባው ባዶ ቦታ ላይ እጄ ቆመ። ከሱቁ አንዲት እዚሁ የተወለደች ልጅ ከረጢት ታቅፋ ወጣች፤ ወረቀት ላይ የምጽፈውን ሽማግሌ አየችና ቆመች።

«ታውቀዋለህ እንዴ?» አለችኝ። እዚህ የተወለዱት አንቱን አያውቁትም።

«አዎ።»

«ምንህ ነው?»

የሥራ ባልደረባዬ ነበር የሚለው መልስ አፌ ላይ መጣ። ልክ እንደ «አከራዩ»፤ ውሸት የለበትም፣ ማንንም አያስቀይምም፣ ያልፋል። ሰረዝኩት።

«ሐዘንተኛው እኔ ነኝ» አልኳት። ባዶው ቦታ ላይ ስሜን ጻፍኩ።

ልጅቷ ግራ ገባት። ከረጢቷን መሬት አስቀመጠች፣ እናቷ ለቅሶ ቤት ስትል የሰማችውን ለማስታወስ ዓይኗን ጨፈን አደረገች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ።

«እግዜር ያጥናህ» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ።